የሣር መኪናው ወረቀት

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መኪናው ልናገር። ስለ ሰው መናገር እስካሁንም ያስፈራኛል። ስለ ብረት ብናገር የሚቀየመኝ የለም።

መኪና የምለው የሣር ማጨጃውን ነው። አረንጓዴ ነበር፤ ቀለሙ በየጠርዙ ተልጦ ከሥሩ ቀይ ይታያል። ከፊቱ የታጨደውን ሣር የሚቀበል የቆርቆሮ ሣጥን አለው። ከኋላው እንደ ጥጥ መዳመጫ የሚንከባለል ወፍራም እንጨት አለ፤ እሱ ባለፈበት ሣሩ ተኝቶ ሰፊ መስመር ይሠራል። በመካከሉ ስድስት ምላጭ የታጠቀ ከበሮ ይዞራል። ምላጮቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ እንደ ሹሩባ ተጠማዘዋል። ከከበሮው ሥር ደግሞ የማይንቀሳቀስ አንድ ምላጭ ተጋድሟል፤ የሚዞሩት ስድስቱ በየተራ እሱን እየነኩ እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። ከላይ ሞተሩ የቆርቆሮ ክዳን ለብሶ ተቀምጧል። ክዳኑ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ሞተሩ እንዲተነፍስ። ከዚያ ረጅም ጥቁር ገመድ እስከ ቤቱ ሶኬት ድረስ ይጎተታል። እኔ ገመዱን በትከሻዬ አሳልፌ በግራ እጄ እይዘዋለሁ። በገመዱ ላይ የሄደ ሰው ሁለተኛ አይሄድም ተብዬ ነበርና።

እንዲህ ያለኝ የግቢው ባለቤት ነው። ግቢው ሣሩ ወርዶ ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ጋር የሚገናኝበት፣ ከጣና ዳር ነበር። ባለቤቱ በከተማው የሚያስተምር ፈረንጅ ነው። ስሙ አልያዝልን ስላለ ሁላችንም ሙሴ ነበር የምንለው፤ ሚስቱን ማዳም። እኔ የገባሁት ልብስ ለማጠብ ነው። ሣሩን የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው መኪናው ሲጮህ ሰምተው "ይኼ ነገር ሰይጣን አለበት፤ በማጭዴ ካልሆነ አልነካም" አሉ። ሙሴ ደግሞ በማጭድ አይሆንም አለ። እንዲህ ሲጨቃጨቁ እጀታው በእኔ እጅ ወደቀ።

የሙሴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። "አንተ ቀስ በል! ይህ ማሽን አሮጊት ነው፤ ከእኔ ይበልጣል" ይለኝ ነበር። የእናቱ ነበር መኪናው። እናቱ ስትሞት በእንጨት ሣጥን አሽጎ፣ በመርከብ አሰብ አድርሶ፣ ከአሰብ በጭነት መኪና ባሕር ዳር አስገባው። ሌላው ሰው የእናቱን ወርቅ ይወርሳል፣ ይኼ ሣር ማጨጃ ወረሰ ብለን ስቀንበታል።

እሱ ግን ስለ መኪናው ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር። በአገሩ በድሮው ዘመን የትልልቅ ሰዎች ሣር እንደ እኛው በማጭድ ነበር የሚታጨደው። አንድ ቀን አንድ ሰው የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ የሚላጭ መሣሪያ አየ። ከሽመና የወጣ ጨርቅ ጸጉር አለው፤ ያንን ጸጉር የሚላጭ የምላጭ ከበሮ ነው። ሰውየው ጨርቅ የላጨ ሣር መላጨት ምን ያቅተዋል ብሎ መሬት ላይ አወረደው። መጀመሪያ ሰው ገፋው። ቀጥሎ ፈረስ ጎተተው፤ የፈረሱ ሰኮና ሣሩን እንዳይቆፍር የቆዳ ጫማ ያጠልቁለት ነበር አለን። "ለፈረስ ጫማ?" ብዬ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሳወራ አመት ሙሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ቤንዚን መጣ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ።

ባሌ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራ። አንድ እሑድ ግቢው ድረስ መጥቶ መኪናውን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይኼማ የእኛው የጨርቅ መላጫ ነው! ከጨርቁ ላይ ወርዶ መሬት ለመሬት መሄድ ጀመረ እንጂ ምን ተለወጠ" አለ። ሙሴ ሰምቶ አቀፈው። ሁለት ወንዶች ስለ ብረት ተቃቅፈው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባሌ ብዙም አልቆየ፤ በቀጣዩ ክረምት ወባ ወሰደብኝ። አንዲት ሴት ልጅ ጥሎልኝ ሄደ።

ሙሴ ካስተማረኝ ሁሉ የሚበልጠው የወረቀቱ ሙከራ ነው። ምላጮቹ በሁለት ብሎን ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። ከላሉ ሣሩን ያኝካሉ እንጂ አይቆርጡም፤ ከጠበቁ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ልክ መሆናቸውን ለማወቅ ገመዱን ከሶኬት ትነቅያለሽ፤ ስስ ወረቀት ከታችኛው ምላጭ ላይ ታስጠጊያለሽ፤ ከበሮውን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ታዞሪያለሽ። ወረቀቱ ሳይቀደድ ጥርት ብሎ ከተቆረጠ መኪናው ደህና ነው። በየሳምንቱ እንዲህ አደርግ ነበር። የሲጋራ ፓኮ፣ የስኳር መጠቅለያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ቆርጫለሁ።

አብዮቱ መጣ። ሙሴና ማዳም ሁለት ሻንጣ ይዘው ሄዱ። ቤቱ የመንግሥት የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ንብረት ቆጣሪዎች መጥተው አልጋውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ "ሣር ማጨጃ፣ አሮጌ፣ አንድ" ብለው ሲጽፉ እኔ ከመኪናው አጠገብ ቆሜ ነበር። "ይህችስ?" አለ አንዱ። "እሷ ናት የምትነዳው" አለ ሌላው። እንዲህ ሆኜ ከዕቃው ጋር አብሬ ተረከቡኝ። ከግቢው ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ቤት ለእኔና ለልጄ ጸናችልን።

አሁን ስለ ሰው ልናገር ነው።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ልጄን በአርባ ቀኗ — አይ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ነው የምትጠመቀው፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። የማርያም ማኅበር አንድ ላይ እንጠጣለን። ባሌ ሲሞት ሰባት ቀን ከጎኔ መሬት ላይ ተኝታለች። አንዲት ጥቁር ላም ነበረቻት። እኔ ካጨድሁ በኋላ ከረጢት ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ትገባለች፤ የመኪናውን ሣጥን ገልብጬ እሞላላታለሁ። የመኪና ሣር ደቃቅ ስለሆነ ላሟ ሳታኝክ ትውጠዋለች እያለች ትስቅ ነበር። ጠዋት ደግሞ ለልጄ አንድ ብርጭቆ ወተት ይመጣል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

በቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ሲከፈትም አብረን ተመዘገብን። ከአንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጥ። እሷ አንደኛ ወጣች፣ ደብተር ተሸለመች። እኔ ፊደሉን ለየሁ እንጂ ቃሉ አልገጣጠም አለኝ። አንዱን ፊደል ይዤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ የፊተኛው ይጠፋብኛል። መምህራችን ልጅ እግር ነበር፣ ግን ቁጡ። አብዛኞቻችን ወረቀት ጨብጠን ስለማናውቅ ዘቅዝቀን እንይዝ ነበርና፣ "እናቶች፣ ወረቀቱን ቀጥ! ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ!" እያለ በየመካከላችን ይዞራል። እኔ ሌላው ሁሉ ቢቀርብኝ ይህ ገባኝ። ጽሑፍ ያለበት ነገር ባየሁ ቁጥር አናቱን ወደ ላይ አድርጌ እይዘዋለሁ። የምስክር ወረቀቱንም እያዘኑልኝ ሰጡኝ።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ደረሰች። ያ ክፉ ጊዜም ደረሰ። ያን ጊዜ በከተማችን ያለች እናት ሁሉ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን ሰዓት በአንጀቷ ትቆጥረው ነበር። የጎረቤት ልጆች በጠዋት ወጥተው አይመለሱም። የት ሄዱ ብሎ መጠየቅም ያስጠይቃል። ልጄ ጠባይዋ ተለወጠብኝ። ስጠራት ትደነግጣለች።

አንድ ጠዋት እያጨድሁ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ገመዱን ነቀልሁ። ሽታው ከሞተሩ ነው። ሞተሩ መተንፈስ አቅቶታል ብዬ ክዳኑን ፈታሁት። በሞተሩ ዙሪያ፣ በክዳኑ ሥር፣ እጥፍ እጥፍ ተደርጎ የታጨቀ ወረቀት አገኘሁ። ዳሩ ጠቁሯል። አንዱን ዘርግቼ ቀጥ አድርጌ ያዝሁት። ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቆጠርሁት፤ ሕ፣ ዝ፣ ብ። ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገኝም። እንዲህ ያለውን በሥውር የሚበተን ወረቀት ያየ ሰው ከሽታው ያውቀዋል።

ክዳኑን የሚፈታ ከእኔ በቀር የለም። እኔም በሳምንት አንዴ ብቻ እንደምፈታው የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።

ልጄ ለምሳ ስትመጣ ወረቀቱን ከቀሚሴ ሥር አወጣሁት። አልካደችም።

"እማ፣ ወደነበረበት መልሽው።"

"በእኔ መኪና ውስጥ? በእኔ እጅ ውስጥ?"

"አንችን ማንም አይጠረጥርም ብዬ ነው እኮ።"

"አንችንስ?"

"ለሁለት ቀን ነው። አደራ ነው እማ። የሚወስደው ሰው ይመጣል።"

"የሚወስደኝ ሰው ነው የሚመጣው!" አልሁ። ድምፄ ከፍ ሲል እሷ አፌን በእጇ ያዘችው። በገዛ ልጄ እጅ አፌ ሲያዝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ምሳዋን ሳትበላ ሄደች።

ብቻዬን ቀረሁ። ምን ላድርገው? ባቃጥለው ጭሱ ከዘበኛው አያልፍም፤ ጠዋት ወረቀት ስታቃጥል ታየች የተባለች ሴት የት እንደገባች አልታወቀም። ሽንት ቤት ብጥለው፣ ሽንት ቤቱን እየጨለፉ የሚፈትሹ ሆነዋል። ሐይቁ ላይ ብጥለው፣ ሌላ ሰው የጣለውን ማዕበሉ መልሶ ደንገሉ ውስጥ አጣብቆት ታንኳ ቀዛፊዎች አግኝተውት ነበር። ዓይኔ መኪናው ላይ አረፈ። በየሳምንቱ ወረቀት የሚቆርጠው መኪና።

ከግቢው ጀርባ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር አቆምሁት። ወረቀቶቹን በሽርጤ ይዤ ተንበረከክሁ። አንድ በአንድ ከታችኛው ምላጭ ላይ እያስጠጋሁ ከበሮውን በእጄ አዞርሁ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ቀስ ብዬ ብገፋው ኖሮ ደቃቅ ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ፈርቼ ቶሎ ቶሎ ገፋሁት፣ ቁራጩ ሁለት ጣት ያህል ሆነ። ከዚያም የባሰ አለ። ሁሉንም ወረቀት አናቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ቀጥ አድርጌ ነው ያስገባሁት። እንዲያ የተማረ እጅ ሌላ አያውቅም። ምላጩ በአግድም ሲቆርጠው መስመሩ በመስመርነቱ፣ ቃሉም በቃልነቱ ቀረ። አግድም አዙሬ ባስገባው ቃሉ ራሱ በተበጠሰ ነበር። እኔ ግን ጽሑፍ አንዴ ከተቆረጠ ሞተ ብዬ አመንሁ። እኔ ሙሉውን አስቀምጠውልኝ የማላነበውን ቁራጩን ማን ያነበዋል?

ቁራጩን በሣጥኑ ውስጥ ካለው ሣር ጋር አደባልቄ፣ ገመዱን ሰክቼ፣ ሜዳውን እንዳለ አጨድሁበት። ሣጥኑ ሞላ። ነጩ ነገር ከአረንጓዴው ውስጥ ጠፋ። ላም ወረቀት እንደምትበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከላሟ ሆድ የበለጠ መደበቂያ የለም ብዬ ራሴን አደነቅሁ።

ወዳጄ ከረጢቷን ይዛ መጣች።

"ዛሬ ፊትሽ ምን ሆኗል?" አለችኝ።

"ፀሐይ ነው።"

"ከጣና ዳር ተቀምጠሽ ፀሐይ? ጥላሽ ይሆናል ያስደነገጠሽ" ብላ ሳቀች። ከረጢቱን ሞላሁላት። አንድ ቃል አልነገርኋትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ። ጠረጴዛ፣ ከኋላው ሊቀመንበሩ፤ ጎልማሳ ነው፣ ከሌላ ከተማ ለሥራ የመጣ። ከጠረጴዛው ላይ የወረቀት ቁራጮች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ የሣር አረንጓዴ ነክቶታል። ከግድግዳው ሥር አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ ወዳጄ ተቀምጣ ነበር፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ።

እሷን ሳይ እሷንም ጠርተዋት ነው ብዬ ደነገጥሁላት። ልብ በሉ፤ ደነገጥሁላት።

"እናት፣ ይህን ያውቁታል?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"ወረቀት ነው ጌታዬ።"

"ጌታዬ ቀርቷል፣ ጓድ ይበሉ። እኚህ ሴት ላማቸው በረት ውስጥ አግኝተው በራሳቸው እግር አምጥተውልናል። ሣሩን ከእርስዎ ነው የምወስደው ብለዋል። እውነት ነው?"

ወደ አግዳሚው ዞርሁ። መሬት መሬት ታያለች።

"እውነት ነው ጓድ።"

"ምን ይላል? ያንብቡልኝ።"

አንዱን ቁራጭ ሰጠኝ። እጄ እንደ ለመደው ቀጥ አድርጎ ሊይዘው ሲል ነቃሁበት፤ ዘቅዝቄ ያዝሁት። "እኔ ፊደል አላውቅም ጓድ" አልሁ። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ፣ "ገልብጣ ይዛ ነው እኮ!" ብሎ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ፈገግ አለ። ዳንሁ ብዬ በልቤ ማርያምን አመሰገንሁ።

"ቤትዎ ውስጥ ሌላ ማን አለ?"

"ልጄ ብቻ ናት።"

"ትማራለች?"

"አዎ።"

"ስንተኛ ክፍል?"

"አሥራ አንደኛ።"

ፈገግታው ጠፋ። ብዕሩን አነሳና መጻፍ ጀመረ። ምን እንደሚጽፍ አልገባኝም። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ያን ጊዜ አልገባኝም።

"ታነባለች" የሚል ድምፅ ከአግዳሚው መጣ።

"ማን?" አለ ሊቀመንበሩ።

"እሷ ናታ። አብረን ነው የተማርን። አንድ አግዳሚ ላይ። የምስክር ወረቀቷ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፣ ሄዳችሁ እዩ።"

"ውሸቷን ነው!" አልሁ። "አንደኛ የወጣች እሷ ናት!"

"እኔ አንደኛ ወጣሁ፣ አንችም ተማርሽ። ለምን ትዋሻለሽ? ታነባለች ጓድ፤ ከእኔ ባትበልጥ ነው።"

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝና አዙሮ መልሶ ሰጠኝ። "አንቺ!" አለኝ፤ እርስዎነቴ እዚያች ላይ አለቀ። "ፊደል የማታውቅ መስለሽ ልትቀልጂብን ነው? ወረቀቱ የማን ነው? የአንቺ ነው ወይስ የልጅሽ?"

እንዲያ ለይቶ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ። ጥያቄው ሁለት ሰው ብቻ ነበረው።

"የእኔ ነው" አልሁ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ደንገሉ ውስጥ አገኘሁት። የመኪናዬን ምላጭ ልሞክርበት አነሳሁት። እኔ ወረቀት ካየሁ አላልፍም፤ የሠራተኛውን ሁሉ ጠይቁ።"

በነጋታው ግቢው ድረስ ወሰዱኝ፣ አሳዪን አሉኝ። በሊቀመንበሩ ጋዜጣ አሳየኋቸው። ከበሮው ዞረ፣ ጋዜጣው ጥርት ብሎ ተቆረጠ። "አይ ምላጭ!" አለ አንዱ ሳያስበው። ሊቀመንበሩ ግን አንብበሽ ሳለ ማምጣት ነበረብሽ ብሎ እኔንም መኪናውንም ወደ ቀበሌ አስጫነ። ልጄን ግቢው ውስጥ በዓይኔ ፈለግሁ። አልነበረችም።

የታሰርሁት ከክረምቱ መውጫ እስከ ጥምቀት ሰሞን ነው። መሬቱ ሲሚንቶ ነበር፤ ስለሌላው ዝም ብል ይሻለኛል። ምግብ በር ላይ ተቀብለው ያስገቡልናል፤ ከአምጪው ጋር መነጋገር የለም። በመጀመሪያው ቀን ሳህኑ ገባ። ሽሮውን ቀመስሁት፤ የወዳጄ እጅ ነበር። የልጄ እጅ አይደለም። ልጄ ብትኖር እኮ እሷ ነበር የምታመጣልኝ። ሳህኑን እንዳለ መለስሁት። በማግሥቱም መለስሁ። በሦስተኛው ቀን ራበኝና በላሁት፤ እያለቀስሁ ጠራርጌ በላሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የከዳችኝን ሴት ሽሮ እየበላሁ በየቀኑ ልጄን ቀበርሁ።

ሊቀመንበሩ መኪናውን ቀበሌው ደጅ ለመሞከር ፈልጎ ጠጠር ላይ ነድቶ ምላጩን ሸራረፈው ሲሉ ሰማሁ። ከጥምቀት በፊት ወደ ማረፊያው ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል፣ ማጨጃው ተበላሽቷል፣ የሚያውቅበት የለም። ያስፈታኝ እሱ ይመስለኛል። አስጠንቅቀው፣ አስፈርመው፣ ከመኪናው ጋር መለሱኝ። ከዕቃ ጋር ሲረከቡኝ ሁለተኛዬ ነው።

ሰርቪስ ቤቱን ከፈትሁት። የልጄ አልጋ ተነጥፏል፤ ደብተሮቿ የሉም። ዘበኛውን መጠየቅ ፈራሁ። ምላጮቹን በሞረድ ሳልሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ወረቀት በእጄ መያዝ ስላስፈራኝ በደረቅ የሙዝ ቅጠል ሞከርሁት። ቆረጠ። እንባዬ እየወረደ ማጨድ ጀመርሁ፤ የሞተሩ ጩኸት ለቅሶዬን ሸፈነልኝ።

ሣጥኑ ሲሞላ ወዳጄ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ከረጢቷን ይዛለች። ከስታለች። ምንም እንዳልተደረገ ከፊቴ ቆማ የከረጢቱን አፍ ከፈተች።

ሣጥኑን አልገለበጥሁላትም። ተንበረከክሁና ሣሩን በእፍኜ አነሳሁ፤ በጣቶቼ መካከል አበጥሬ፣ አገላብጬ አሳየኋትና ከረጢቱ ውስጥ ጨመርሁ። ሁለተኛ እፍኝ አነሳሁ።

"ይኸውልሽ" አልኋት፤ "ወረቀት የለበትም። ነገ ለማንም የምትወስጅው የለም።"

ከረጢቱን አልለቀቀችም። "ማንበብ አትችልም ብላቸው ኖሮ ማንን ይወስዱ ነበር?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"መጀመሪያ ወረቀቱን ማን ወሰደላቸው?"

"መጀመሪያ በረቴ ውስጥ ማን ጨመረው?" አለች። "ወተት ገዢዎቼ ቆመው፣ አንዷ የአብዮት ጠባቂ ሚስት፣ የላሜ አፍንጫ ላይ ወረቀት ተለጥፎ! አንብቤው ነው ያወቅሁት፣ እነሱም አይተውኛል። ቀድሜ ካልሄድሁ ሊመጡ ነው። እኔስ ቤት ልጅ የለም?"

"ወደ እኔ ለምን አልመጣሽም? አጥር ነው እኮ የሚለየን!"

"አንችስ ለምን አልነገርሽኝ?"

እፍኝ ሣር አነሳሁ፣ አበጠርሁ፣ ጨመርሁ። ከረጢቱ እስኪሞላ እንዲሁ አደረግሁ። ከሞላ በኋላ አሸክሜአት ስትዞር፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንዲህ አለች፦

"አንችን በወሰዱ ዕለት እኔ ልጅሽን ዱርቤቴ ከእህቴ ዘንድ ሰድጃታለሁ። የገበያ ቅል አሸክሜ፣ ከገበያተኛ ጋር ቀላቅዬ። ደህና ናት። ነገሩ ሲበርድ ትመጣለች።"

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አራት ወር የቀበርኋት ልጅ! ተነስቼ የዚያችን ሴት እግር ልስም ፈለግሁ። ተነስቼ ፊቷን በጥፊ ልላትም ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም። አንዱን ባደርግ ሌላው ይቀርብኝ ነበር።

ልጄ መጣች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስለዚያ ጊዜ አታነሳም፣ እኔም አላነሳባትም። ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ካየሁ ግን አንስቼ፣ ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ምን እንደሚል ሳላነብ አልጥለውም። ማንበቡን እስር ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጽሑፍ አጠናሁት።

ወዳጄም በነጋታው ከረጢቷን ይዛ መጣች። ወተቱም መጣ። እኔም በነጋታው ሣሩን በእፍኜ አበጥሬ ሰጠኋት፣ ከዚያም በኋላ፣ ላሟ አርጅታ እስክትሞት ድረስ። እሷ የከረጢቱን አፍ ይዛ ትጠብቃለች፤ እኔ ፊቷ ላይ አገላብጬ አሳያታለሁ። አንድም ቀን ተይው አላለችኝም፤ እኔም አንድም ቀን አልተውሁም።